ኪሊምና እንስት አምላክ፤ ስለ አናቶሊያ ምንጣፍ ትርጓሜ የቀረበ ሒስ

የሕዝብን የእጅ ሥራ የሚመረምሩ ሊቃውንት ሁለት ፈተናዎች ዘወትር ይገጥሟቸዋል። አንደኛው ሥራውን እንደ ተራ ዕቃ ቈጥሮ ሠሪውን መዘንጋት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሥራውን እጅግ ከፍ አድርጎ ከጥንት ምሥጢር ጋራ በማያያዝ ሠሪውን እንደ ገና መዘንጋት ነው። የፊተኛው ስሕተት ከንቀት የሚመጣ ስለ ሆነ ቶሎ ይታወቃል፤ የኋለኛው ግን ከአክብሮት የመጣ ስለሚመስል እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ዘመን ይፈጃል። ለዚህ ለኋለኛው ስሕተት ትልቅ ምሳሌ የሚሆነው በ1989 በሚላኖ ከተማ በአራት ጥራዝ የታተመው «የአናቶሊያ እንስት አምላክ» የተባለው መጽሐፍና በእርሱ ምክንያት የተነሣው ክርክር ነው። ደራሲዎቹ እንግሊዛዊው የአርኬኦሎጂ ሊቅ ጀምስ ሜላርት፣ ኡዶ ሂርሽና በልኪስ ባልፒናር ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ የሚናገረው በቱርክ አገር፣ በአናቶሊያ ምድር፣ ኪሊም ስለሚባለው ምንጣፍ ነው። ኪሊም በድርና በማግ ብቻ የሚሠራ፣ ጠጉር የሌለው ጠፍጣፋ ምንጣፍ ነው። ከስጋጃም የሚለየው በዚሁ ነው፤ በስጋጃ ድሩ ላይ አጫጭር ክሮች አንድ በአንድ እየተቋጠሩ ጫፋቸው ወደ ላይ ይቆማል፤ በኪሊም ግን ቋጠሮ የለም፤ ባለ ቀለሙ ማግ ድሩን ጨርሶ እስኪሸፍነው ድረስ ጥርስ ባለው መምቻ ይጠቀጠቃል። በኢትዮጵያ ደጋ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል የሚለውን የሥራ ክፍያ የለመደ አንባቢ፣ በአናቶሊያ መንደሮች ነገሩ የተለየ መሆኑን አስቀድሞ ሊያስተውል ይገባዋል። በዚያ በገበሬውና በዘላኑ ቤተ ሰብ ዘንድ የበጉን ጠጉር በእንዝርት የምትፈትለው፣ ድሩን የምትዘረጋውና የምትሸምነው አንዲቱ ሴት ናት። ልጃገረዲቱ ሙያውን የምትማረው ከእናቷና ከጎረቤቶቿ አጠገብ ተቀምጣ በማየት ነው፤ ለከተማ ነጋዴ በሚሠራባቸው ቤቶች እንደሚደረገው በወረቀት የተነደፈ ምሳሌ ከፊቷ አይሰቀልላትም፤ የምትመለከተው አስቀድሞ የተሠራውን ምንጣፍ ነው።

የኪሊሙም አገልግሎት ብዙ ነው። ወለል ላይ ይነጠፋል፤ በቤትና በድንኳን የተከመረውን መኝታ ይሸፍናል፤ በዚሁ የሽመና ስልት የእህልና የልብስ መያዣ ጆንያ ይሠራል፤ ሙሽራይቱ ወደ ባልዋ ቤት ይዛው ከምትሄደው የትዳር ዕቃ አንዱ ነው። በአንዳንድ መንደር ደግሞ የሞተ ሰው አስከሬን ወደ መቃብር ሲሄድ በኪሊም ይሸፈናል፤ ከቀብሩ በኋላም ኪሊሙ ለመስጊድ በስጦታ ይሰጣል። በዛሬው ጊዜ በቤተ መዘክር ከሚታዩት ምርጥ ምርጥ አሮጌ ኪሊሞች ብዙዎቹ የተገኙት በዚህ ዐይነት ስጦታ ከተከማቹባቸው መስጊዶች ነው።

እንግዲህ የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። በኮንያ ሜዳ ላይ ቻታልሆዩክ የሚባል ጥንታዊ የመኖሪያ ጉብታ አለ፤ ሰዎች የሰፈሩበት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ7000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን ነው። ሜላርት ይህን ስፍራ ከ1961 እስከ 1965 ባለው ጊዜ ውስጥ ቈፍሮ፣ በልስን ግድግዳ ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን፣ የበሬ ቀንዶችንና የሴት ምስሎችን በማውጣቱ በዓለም ዘንድ ስሙ ታወቀ። በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ ኪሊም እንደሚመስሉ ጠቍሞ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ቈይቶ በወጣው ባለ አራት ጥራዝ መጽሐፍ ግን ጥቈማው ወደ ሙሉ ትምህርት ተለወጠ። በዚያ መጽሐፍ ሜላርት ከስብርባሪ ልስን ገጣጥሜ አወጣኋቸው ያላቸውን እጅግ ብዙ አዳዲስ ሥዕሎች በንድፍ አቀረበ። በእነርሱም ላይ እንስት አምላክ ከአራዊትና ከአእዋፍ ጋራ ትታያለች። ቅርጾቹም በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የመንደር ሴቶች ከሠሯቸው ኪሊሞች ቅርጽ ጋራ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መደምደሚያውም የአናቶሊያ ሴቶች የጥንቷን እንስት አምላክ አምልኮ ምልክት ለስምንት ሺህ ዓመት ያህል በሽመናቸው ጠብቀው አቆዩ የሚል ሆነ።

የመጽሐፉ በጎነት መካድ የለበትም። በገበያ የወለል ዕቃ ብቻ ሆኖ ይታይ የነበረውን ኪሊም የሊቃውንት ጥያቄ አድርጎታል፤ የታተሙትም አሮጌ ኪሊሞች እጅግ ያማሩ ናቸው። የሴቶችንም ሥራ ከሥልጣኔ ታሪክ መካከል ለማስቀመጥ መሞከሩ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የአንድ ሐሳብ ማማር ስለ እውነተኛነቱ ምስክር ሊሆን አይችልም። ይህም ሐሳብ በሽመናው ዕቃ፣ በቁፋሮው ማስረጃና በሴቶቹ በራሳቸው ዘንድ ሲመረመር በሦስቱም ስፍራ ይወድቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሽመናው ይመርመር። በኪሊም ሥራ የአንዱ ቀለም ማግ ከምንጣፉ ዳር እስከ ዳር አይሄድም፤ የራሱን ቅርጽ ብቻ ሞልቶ ከወሰኑ ላይ ይመለሳል። በጎኑ ያለው ሌላው ቀለምም እንዲሁ ከወሰኑ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱ ቀለሞች በሚዋሰኑበት ቦታ ወሰኑ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ከሄደ በመካከላቸው ስንጥቅ ይቀራል። ስንጥቁ አጭር ሲሆን አይጎዳም፤ ሲረዝም ግን ምንጣፉ ይላላል፣ ይቀደዳልም። ሸማኔዋ ይህን ስለምታውቅ ወሰኑን ደረጃ በደረጃ እያደረገች ወደ ጎን ታዘነብለዋለች። ሦስት ማዕዘን፣ የተሰካኩ ጥርሶች፣ ሜንጦ የመሰሉ ጫፎች የሚበዙት ስለዚህ ነው። ክብ ነገርና ቀጭን ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚቆም መስመር ለዚህ ሽመና አይመቹም። እንደዚሁም ሁለት ቀለሞች እኩል ሆነው እርስ በርሳቸው ሲሰካኩ አንዱን ቅርጽ፣ ሌላውን መደብ ብሎ መለየት ያስቸግራል። ይህም ከስንጥቁ ሕግ የሚወለድ ውበት ነው።

ይህን ክርክር በግልጽ ያቀረበችው በሽመና ሥራ የኖረችው አሜሪካዊቷ ማርላ ማሌት ናት። በ1990 ባወጣችው ጽሑፍ የሜላርትን ንድፎች እንደ ሸማኔ ተመለከተቻቸው። የጠየቀችውም ጥያቄ ቀላል ነው፤ እነዚህ ሥዕሎች ከኪሊም የተቀዱ ከሆነ የኪሊም ሽመና ጠባይ ለምን አይታይባቸውም? ሠዓሊ ብሩሹን ወደ ፈለገበት ይመራል፤ ሸማኔ ግን በድሩና በማጉ ፈቃድ ትሄዳለች። የሽመና ቅጂ የሆነ ሥዕል የዚህን ግዴታ ምልክት መሸከም ነበረበት። ንድፎቹ ግን ለዚህ ሽመና የማይስማሙ ቅርጾች ሞልተውባቸዋል። ከዚህም ሌላ የኪሊም ጌጦች እንዴት እንደ ተገኙ ለመረዳት ሽመናው ራሱ በቂ መነሻ ሲሰጥ፣ ከግድግዳ ሥዕል እንዲወርዱ ማድረግ አስፈላጊ አይደለም። በዚሁ በ1990 የጥንት ምሥራቅ ጥበብ መርማሪዋ ዶሚኒክ ኮሎን ስለ ሥዕሎቹ አገጣጠም ተመሳሳይ ጥርጣሬ በጽሑፍ አቀረበች።

ነገሩ ሊቃውንቱን ሊያሳስባቸው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስለ ሽመና የተጻፈ ባለ አራት ጥራዝ መጽሐፍ የሽመና ፈተና ሲቀርብለት መልስ ሊያገኝ አልቻለም። ሴቶቹን የሃይማኖት ጠባቂዎች ብሎ ያወደሰው መጽሐፍ፣ ሴቶቹ በየቀኑ በጣቶቻቸው የሚያውቁትን ነገር፣ ማለት ስንጥቅ የት ሊቀር የት ሊዘጋ እንደሚገባ፣ እንደ ዕውቀት አልቈጠረውም።

ሁለተኛው ምርመራ የማስረጃው ነው። በ1967ቱ መጽሐፍ የወጡት ሥዕሎች በፎቶግራፍ የተደገፉ ነበሩ፤ በኋላ የመጡት ንድፎች ግን ፎቶግራፍ አልነበራቸውም፤ በ1960ዎቹ በወጡት የቁፋሮ ዘገባዎችም ስለ እነርሱ አልተነገረም፤ ተገጣጠሙ የተባሉትም ስብርባሪ ልስኖች ለምርመራ አልቀረቡም። አንባቢ ሊያምን የተጠየቀው በአንድ ሰው ቃልና እጅ ብቻ ነበር። ከ1993 ጀምሮ በኢያን ሆደር መሪነት በቻታልሆዩክ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል በተካሄደው አዲስ ቁፋሮ ብዙ ነገር ተገኝቷል፤ የሜላርትን አዳዲስ ንድፎች የሚመስል ሥዕል ግን አልወጣም። ሜላርት በ2012 ከሞተ በኋላ፣ በ2018 መርማሪው ኤበርሃርድ ዛንገር ሜላርት ይኖርበት በነበረው የሎንዶን ቤት የተረፉትን ወረቀቶችና ዕቃዎች ተመልክቶ፣ ተገኙ ለተባሉት የግድግዳ ሥዕሎች የመለማመጃ ንድፎች በዚያ እንዳገኘ አስታወቀ፤ ይኸውም ሥዕሎቹ የፈጠራ ሥራ እንደ ነበሩ የሚያስረዳ ነው አለ።

በዚህ ላይ የጨርቁ ራሱ ማስረጃ ተጨመረ። በቻታልሆዩክ የተገኙት የጨርቅ ቍራጮች ከምን እንደ ተሠሩ ሊቃውንት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ እኩሌቶቹ ሱፍ ነው፣ እኩሌቶቹ ተልባ ነው ይሉ ነበር። በ2021 የታተመ ምርመራ ግን ከተመረመሩት ቍራጮች የሚበዙት ከባሉጥ ዛፍ ልጥ የተሠሩ መሆናቸውን አሳየ። የኪሊም ጠባይ ሁሉ የተመሠረተው በሱፍ ላይ ነው፤ ቀለም የሚቀበለውና ተጠቅጥቆ ድሩን የሚሸፍነው ሱፍ ስለ ሆነ ነው። በልጥ የሚሸምን ሕዝብ በቀለማት ያጌጠ ኪሊም ነበረው ለማለት ሌላ ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር፤ እንዲህ ያለ ማስረጃም አልቀረበም። በዛሬው ጊዜ ያሉት የአናቶሊያ ኪሊሞች ዕድሜም በመቶ ዓመታት የሚቈጠር እንጂ በሺህ ዓመታት የሚቈጠር አይደለም። በመካከል ያለው ዘመን እጅግ ረጅም ነው፤ በዚያም ውስጥ ቋንቋ፣ ሃይማኖትና ሕዝብ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ከ1071 የማንዚከርት ጦርነት በኋላ በአናቶሊያ የሰፈሩት የቱርክ ዘላኖችም ከመካከለኛው እስያ የራሳቸውን የሽመና ልማድ ይዘው መጥተዋል። ይህን ሁሉ በመመሳሰል ብቻ ዘልሎ ማለፍ የታሪክ ሥርዐት አይፈቅድም።

ሦስተኛው ምርመራ ስለ ሰዎቹ ነው። መጽሐፉ ብዙ ከተመረኰዘባቸው ቅርጾች አንዱ በቱርክኛ «ኤሊቤሊንዴ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «እጇ ወገቧ ላይ» ማለት ነው። ሁለት እጆቿን በወገቧ ላይ አድርጋ የቆመች ሴት ስለሚመስል የእንስት አምላክ ምስል ነው ተባለ። ነገር ግን ስሙ አኳኋንን እንጂ አምላክን አይናገርም። ሌሎቹም የጌጥ ስሞች እንዲሁ ከመንደር ኑሮ የተወሰዱ ናቸው፤ «የአውራ በግ ቀንድ»፣ «የተኵላ አፍ»፣ «ዐይን»፣ «ጊንጥ»፣ «ሜንጦ» የሚባሉ አሉ። አንዱ ቅርጽ በአንዱ መንደር በአንድ ስም፣ በሌላው መንደር በሌላ ስም ይጠራል። አጥኚ ይህን ልዩነት ሲያገኝ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው ሴቶቹ የጥንቱን እውነተኛ ትርጓሜ ረስተውታል ብሎ የራሱን ትርጓሜ መተካት ነው፤ መጽሐፉ የተከተለው ይህን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልዩነቱን ራሱን እንደ ማስረጃ መቀበል ነው፤ ይኸውም ቅርጹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስሙና ትርጓሜው ከየሰፈሩ ኑሮ ጋራ እየታደሰ እንደሚሄድ ያስረዳል።

የፊተኛው መንገድ ሴቶቹን ያከበረ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የሥራቸውን ባለቤትነት ይነጥቃቸዋል። በዚህ ትምህርት መሠረት ሸማኔዋ የማታውቀውን መልእክት ከማታውቀው ዘመን የምታደርስ ተሸካሚ ናት። ቀለሙን መምረጧ፣ የእናቷን ምሳሌ በአንድ ጥርስ መለወጧ፣ የጎረቤቷን ዳርቻ ወስዳ ከራሷ መካከል ጋራ ማስማማቷ፣ ይህ ሁሉ ከቍጥር አይገባም። ወይም እንደ መበላሸት ይቈጠራል፤ ጥንታዊው ምልክት እየደበዘዘ ሄደ ይባላልና። የሠሪዋ አሳብ በታየበት ቦታ ሁሉ ተርጓሚው የመርሳት ምልክት ያያል።

ጉዳቱም በመጻሕፍት ቤት የሚቀር አይደለም። መጽሐፉ በወጣበት ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ ኪሊም መሰብሰብ እየተስፋፋ ነበር። የእንስት አምላክ ታሪክ ለነጋዴ የሚመች ታሪክ ነው፤ የአንዲት የታወቀች ገበሬ ሴት ሥራ ከመሆን ይልቅ የስምንት ሺህ ዓመት ምሥጢር መሆን ዕቃውን ያስወድደዋል። ከትርፉ ግን ወደ ሸማኔዋ የሚመለስ የለም፤ አሮጌው ኪሊም ከቤቷ ወይም ከመስጊዷ ከወጣ ቈይቷልና። በቱሪስት ገበያም ነጋዴው ለገዢው የሚነግረው የምልክት ትርጓሜ በታተመ ዝርዝር ተሰራጨ። ኋላ የሚመጣ አጥኚ ከመንደር የሰማው ቃል ከአያት የወረደ ይሁን ወይም ከመጽሐፍ የተመለሰ ለመለየት እንዲቸገር ያደረገው ይህ ነው።

በዚሁ አገር፣ በዚሁ ዘመን፣ ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳይ ሥራ ተሠርቷል። በ1856 ዊልያም ፐርኪን በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ በኋላ የፋብሪካ ቀለም ወደ አናቶሊያ መንደሮች ገባ፤ ከቅጠልና ከሥር ቀለም የማውጣት ሙያም በብዙ ስፍራ ተረሳ። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ መምህር ሃራልድ ቦህመር በአሮጌ ምንጣፎች ላይ ያሉትን ቀለሞች በኬሚካል ምርመራ ለይቶ ከየትኛው ተክል እንደ ወጡ አጠና። ከዚያም ከ1981 ጀምሮ በኢስታንቡል ካለው የማርማራ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር «ዶባግ» የተባለው የተፈጥሮ ቀለም ምርመራና ልማት ሥራ በአይቫጅክ አካባቢ መንደሮች ተጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ ዩንትዳግ ተራራ መንደሮች ተሻገረ። በዚያ የሚሠራው በተለይ ስጋጃ ነበር። መንደርተኞቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ፤ በዩንትዳግ የነበረው ማኅበር የሴቶቹ የራሳቸው ነበር። በኢስታንቡል ትኖር የነበረችው አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ ጆዜፊን ፓወልም በ2007 እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ በዘላኖችና በገበሬዎች መካከል እየተዘዋወረች የሽመናውን ዕቃ፣ አሠራሩንና አገልግሎቱን በፎቶግራፍና በጽሑፍ መዝግባለች።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ስለ ስምንት ሺህ ዓመት አይናገርም። ነገር ግን የተናገረውን ነገር ሌላ ሰው ሊመረምረው ይችላል። የቦህመር ቀለም በድስት ተፈልቶ ይታያል፤ የፓወል ፎቶግራፍ ሰውየዋንና ስፍራውን ያሳያል። ከሁሉም በላይ በእነዚህ ሥራዎች ሸማኔዋ የምትጠየቅና የምትመልስ ሰው ናት።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ በተቃዋሚዎቹም ሐሳብ ላይ ወሰን ማበጀት ይገባል። ሽመናው የቅርጹን ግዴታ ያስረዳል፤ ምርጫውን ግን ጨርሶ አያስረዳም። ስንጥቁ ደረጃ ያለው ወሰን ያስገድዳል፤ ነገር ግን በዚያ ሕግ ውስጥ ሊሠሩ ከሚችሉት እጅግ ብዙ ቅርጾች አንዲት መንደር ጥቂቶቹን ብቻ መርጣ ለምን እንደምትወድ፣ ለሙሽራ የሚሠራው ለሬሳ ከሚሰጠው በምን እንደሚለይ፣ ድርና ማግ ሊመልሱ አይችሉም። የሜላርት መልስ ሐሰት ሆኖ መገኘቱ ጥያቄውን ከንቱ አያደርገውም። ኪሊም ትርጓሜ የለውም የሚል ሰው እንስት አምላክ አለችበት ከሚለው ሰው ጋራ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ሁለቱም ሴቶቹን ሳይጠይቁ ይፈርዳሉ።

ከዚህ ክርክር የሚገኘው ትምህርት ለኢትዮጵያ ተማሪም የቀረበ ነው። የሐረር ሴቶች የሚሰፉት ስፌት የየራሱ ስም ያላቸው ጌጦች አሉት። የሸማ ጥለትም ከተራ ዳርቻ እስከ መስቀል ቅርጽ ድረስ ብዙ ዐይነት ነው። በእነዚህም ላይ የአክሱምን ወይም ከዚያ የራቀውን ዘመን ምልክት ለማየት መቸኰል ቀላል ነው፤ ፈተናውም ያው ነው። ስለዚህ አጥኚ በመጀመሪያ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ይማር፤ ቢቻል በእጁ ይሞክረው። ቀጥሎ ሠሪዋን ከማን እንደ ተማረች፣ ለማን እንደምትሠራ፣ ምን እንደ ለወጠችና ለምን እንደ ለወጠች ይጠይቅ፤ ቃሏንም ከነመንደሯና ከነዘመኑ ይጻፍ። ስለ ጥንት መናገር የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜም ሌላው ሰው ሊያየው የሚችል ማስረጃ ይዞ መሆን አለበት።

«የአናቶሊያ እንስት አምላክ» በመደርደሪያ ላይ ሊቆይ የሚገባው መጽሐፍ ነው፤ በውስጡ ያሉት የኪሊም ምስሎች እውነተኛ ናቸውና። ምስሎቹን የሚመለከት ሰው ግን ከጎናቸው የተቀመጡትን ንድፎች ትቶ ወሰኑ የታጠፈበትን፣ ስንጥቁ የተዘጋበትን፣ አንዱ ቀለም አልቆ ሌላው የተተካበትን ቦታ ይፈልግ። ሸማኔዋ ያሰበችው፣ የመረጠችውና የወሰነችው በእነዚያ ቦታዎች ላይ ይታያል፤ ስሟ ባይጻፍም ሥራው የእርሷ ነው።